ጥቁሩ ዱቄቴ ለምን አያበራም?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከደም ውስጥ ሴሎችን በማግኔት ለቅሞ በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚያገለግሉ ቅንጣቶች እየሠራሁ ነው። ማግኔታይቱ (ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) ወጥቶልኛል፤ ማግኔት ሳስጠጋ ይሰበሰባል። ፍሎረሴን የሚባለውን አብሪ ቀለም ስጨምርበት ግን መጀመሪያ አረንጓዴ ያበራና ሳጥበው ይጠፋል። የት ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አንተ ልበልህና፣ ያበራው ቅንጣቱ አይደለም፤ ውሃው ነው። በራሴ ስለደረሰ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን በሰማያዊ መብራት ሳሳይ ላብራቶሪው በሙሉ አጨብጭቦልኝ ነበር። ሦስተኛውን እጥበት ስጨርስ ከሥር የቀረኝ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ነው። ብርሃኑ በእጣቢው ሄዷል።

ቀለምህ ቅንጣቱ ላይ ተደግፎ ነው እንጂ አልተጣበቀም። ቢጣበቅም ሌላ ጣጣ አለ። ማግኔታይት ጥቁር የሆነው ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ቀለሙን የሚያነቃውን ሰማያዊም፣ ቀለሙ የሚመልሰውን አረንጓዴም ይውጣል። በዚያ ላይ ቀለሙ ከማግኔታይቱ ጋር ሲነካካ የያዘውን ጉልበት ብርሃን ሳያደርገው ያስረክበዋል።

ስለዚህ መሃላቸው መስታወት አስገባ፤ ሲሊካ ማለቴ ነው። ስቶበርና ባልደረቦቹ በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ ኤታኖል፣ ትንሽ ውሃ፣ አሞኒያ፣ ከዚያ ቲኢኦኤስ፣ ሲሊካው የሚወጣበት ፈሳሽ። አስቀድመህ ማግኔታይቱን በሲትሬት፣ በሲትሪክ አሲድ ጨው፣ ሸፍነው፤ አለዚያ እርስ በርሱ ይጓጉላል። ቲኢኦኤሱን ደግሞ እንደኔ በአንዴ አትገልብጠው። ጠብ፣ ጠብ። ከቸኮልክ ሲሊካው ማግኔታይቱን ትቶ ለብቻው ድቡልቡል ይሠራል። ማግኔት አስጠግተህ ወደ ግድግዳው የማይሄድ ነጭ ደመና ከቀረ፣ እሱ ነው።

ይህ የመጀመሪያው የሲሊካ ልብስ ቀለም አይግባበት። ቀለሙ የሚገባው በሁለተኛው ነው። ያለህን ተራ ፍሎረሴን ተወውና ኤፍአይቲሲ የሚባለውን፣ ከአሚን ጋር የሚጣበቀውን የፍሎረሴን ዓይነት ፈልግ፤ አሚን (ቀለሙ የሚይዘው የናይትሮጅን ጫፍ) ካለው ሲላን (ከሲሊካ ጋር የሚያያዝ የሲሊከን ውህድ)፣ ከኤፒቲኢኤስ ጋር፣ ውሃ በሌለበት ኤታኖል ሌሊቱን ጨለማ ውስጥ አቀላቅለው። በማግስቱ ከቲኢኦኤስ ጋር ስትጨምረው ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር አብሮ ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ እጥበት አይፈራም።

ስለ ማግኔታይቱ ብዙ አልልህም፤ ፌረስና ፌሪክ የሚባሉትን ሁለት የብረት ጨዎች 1 ለ 2 አድርገህ፣ ናይትሮጅን እያስገባህ በአሞኒያ ካወጣኸው 10 ናኖሜትር አካባቢ ይሆናል። ትልቅ ይሁንልኝ ብለህ አትድከም። ትንሽ ሲሆን ነው ማግኔቱን ስታነሳ ማግኔትነቱን ረስቶ የሚበታተነው። ትልቁ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሴሎቹንም አብሮ ያጣብቃቸዋል። ቡናማ እየሆነ ከመጣ ግን አየር ገብቶበታል።

አሁን ዋናው ፈተና። እጣቢውን አትድፋ። እያንዳንዱን ዙር በየጠርሙሱ አስቀምጥና በሰማያዊ መብራት ተራ በተራ እያቸው። የመጨረሻው እጣቢ ጨልሞ፣ በማግኔት የሰበሰብከው ጥቁር ነጥብ አረንጓዴ ካበራ ሠርተሃል። ነጥቡን ፒኤች 7.4 በሆነ ቡፈር (የአሲድነት መጠኑን ጠብቆ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ሆኖ እየው፤ ፍሎረሴን አሲድ ውስጥ ይደበዝዛል፤ እኔ አንድ ሙሉ ሳምንት በዚህ ተታልያለሁ። ያለቀውንም አታድርቀው፤ ከደረቀ መልሶ አይበታተንም። ኤታኖል ውስጥ፣ ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልለህ አኑረው።