ስለ ጎንደር ጠይቁኝ፦ ከግንቡ እስከ ቁስቋም

«ጎንደር ልትመጡ ያሰባችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ዘነበ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጎንደር፣ ቀሃ ሰፈር ነው። ለዓመታትም እንግዳ ሳስጎበኝ ኖሬያለሁ። አሁን ጉልበቴ ደረጃ መፍራት ስለጀመረ በአፌ ብቻ ነው የማስጎበኘው። የተደጋገሙትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ለሥራ መጥቼ አንድ ቀን ብቻ ነው የምተርፈው። ምን ልይ?

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፋሲል ግቢ ግባ። ፀሐይ ሳትከር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስጠው። ከዚያ በባጃጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ምሳህን ፒያሳ ብላ። ከሰዓት በኋላ ፋሲል መዋኛ፣ ቀጥሎ ቁስቋም። የግቢውን ትኬት እንዳትጥል። በዚያው ቀን ለመዋኛውም ሲሠራ ነው የማውቀው። ብዙ ሰው ቀዶ ይጥልና በር ላይ ሲደርስ ኪሱን ይዳብሳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በጾም ወቅት ቅዳሴ የሚገባው ወደ ቀትር ነው። ሁዳዴ ወይም ፍልሰታ ላይ ከመጣህ ሥላሴን ጠዋት አስቀድመህ ግንቡን ከሰዓት አድርገው።

ግንቡን የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር አንድ ብር ቢሰጠኝ ዛሬ የራሴ ግንብ ይኖረኝ ነበር።

ነገሩን በቀን እንየው። አፄ ፋሲል የነገሡት አባታቸው አፄ ሱስንዮስ በካቶሊክ እምነት የተነሳ አገሩ ከታመሰ በኋላ ነው። ዙፋን ላይ እንደወጡ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮን አባረሩ። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያባረሯቸውን ሰዎች መልሰው ቤት ሥሩልኝ ሊሏቸው ነው? የኖራ አሠራር ግን ቀድሞ በሱስንዮስ ዘመን ገብቷል። በኖራው ሥራ የህንድ ግንበኞች እጅ እንዳለበት ይታወቃል። ደንቀዝና ጎርጎራ ያሉት የሱስንዮስ ፍርስራሾች የጎንደር ታላላቅ ወንድሞች ናቸው። ጥቁሩ ድንጋይ የዚሁ አገር፣ የጉልበቱም ሰው የዚሁ አገር። ሙያው ከየትም ይምጣ፣ ባለቤቱ ማን እንደነበር ግልጽ ነው።

ሄጄ አይቼዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ዕቃው የት ሄደ?

ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ። ባዶነቱ ራሱ ታሪክ ነው።

የታላቁን አፄ ኢያሱን ቤት አስታውሺ፤ ጣሪያው እንደ ኮርቻ የጎበጠውን። በጊዜው በዝሆን ጥርስና በወርቅ ቅብ ያጌጠ፣ ከቬኒስ የመጣ መስታወት የተሰቀለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። ዘመነ መሳፍንት መጣና ነገሥታቱ ስም ብቻ ሆኑ። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሏት። የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ መቅደላ አጋዙ። ከመቅደላ ደግሞ እንግሊዞች ወሰዷቸው። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ገባ። የቀረውን እሱ አነደደው። ጣሊያን ሲመጣ ግቢውን ለጦሩ ተጠቀመበት። በዚህ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻውን እጅ የሰጠው እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ ችሎ የቆመ ግድግዳ ነው ያየሽው። ሶፋ ባይኖረው አትፍረጂበት።

ግቢው ውስጥ ሰው የማያየው ግን መታየት ያለበት ምንድን ነው?

በሮቹ። ሰው ሁሉ ፋሲል ግንብ ፊት ሰልፊ ተነስቶ ይወጣል። የግቢው አጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። አሥራ ሁለት በር አለው። የበሮቹ ስም ቤተ መንግሥቱ እንዴት ይተዳደር እንደነበር ይነግርሃል። ዳኞች በወምበር በር ይገባሉ፣ ሙዚቀኞች በእምቢልታ በር። ጥጥ ፈታዮቹ አደናግር በር አላቸው። ፈረሰኛው ባልደራስ በር። ለተዝካር እንኳ ተዝካሮ በር ተለይቶለታል። ራስ በር ደግሞ የቋረኞች በር ይባላል። እቴጌ ምንትዋብ ዘመዶቻቸውን ከቋራ አምጥተው በቤተ መንግሥቱ ሲሞሉት የቀረ ስም ነው። ዘመድ ያለው በር አያጣም።

የዳዊትን ዘፈን ቤትም እለፍበት። አፄ ዳዊት ዘፈን ወዳድ ነበሩ። ካህናቱ ይህን አልወደዱላቸውም። በመጨረሻ በመርዝ ነው የሞቱት። ከበሩ ውጭ ጃን ተከል ዋርካን ታገኛለህ። አዋጅ የሚነገርበት፣ ፍርድ የሚፈጸምበት ቦታ ነበር። ዛሬ ሰው ጥላው ሥር ተቀምጦ ቀጠሮ ይጠብቃል።

ልጆች ይዤ ነው የምመጣው። የቤተ መንግሥቱ አንበሶች አሁንም አሉ?

የሉም። ቤታቸው ብቻ ነው ያለው። ልጆች ግን እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ገብተው ማግሳት ይወዳሉ። ደረጃዎቹ መደገፊያ የላቸውምና እጃቸውን ያዢ።

ሥላሴ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል? ቤተ ክርስቲያን እኮ የትም አለ።

ቀና በልና መልሱን ታገኘዋለህ። ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ተሥሏል። ክንፍና ፊት ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ትልልቅ ነው። የትም ብትቆም አንዱ አንተን ያያል። በግድግዳው ደግሞ ሥላሴ፣ ስቅለት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የሰማዕታት መከራ፣ ዲያብሎስ በእሳት መሃል።

ደብሩን የተከሉት ታላቁ ኢያሱ ናቸው። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ ነበር። መብረቅ አቃጠለው ይባላል። አሁን ያለው አራት ማዕዘን ቤት ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ድርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያነድ ይህን ሳይነካ ሄደ። ለምን? ካህናቱን ብትጠይቅ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይሉሃል። እኔ እንግዳ ፊት ይህን ታሪክ ዘልዬው አላውቅም። ሳልነግራቸው ብወጣ አያቴ ከመቃብር ተነስታ ትገስጸኛለች።

ፍላሽ ክልክል ነው። ክልክል የሆነውም ለጉራ አይደለም፣ ቀለሙ እንዳይጠፋ ነው።

ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ልጄ። ጥምቀትን ጎንደር ሳላይ አልሞትም ብያለሁ። ግፊያውን እችለው ይሆን?

ይችሉታል እማማ፤ ግን በዘዴ። ታቦታቱ የሚወርዱት ጥር 10፣ በከተራ ከሰዓት በኋላ ነው። እርስዎ መንገድ ዳር ወንበር ይዘው ሲያልፉ ይሳለሟቸው። ከሁሉ የሚያምረውም እሱ ነው። ሌሊቱን መዋኛው አጠገብ የሚያድረው ብዙ ነው። ጥር ላይ ሌሊቱ ይቆረጥማል፤ ጋቢ እንዳይረሱ። ጠዋት ውኃው ተባርኮ ወጣቱ ሲዘል ግን ራቅ ይበሉ።

ተመልካች የሚቀመጥበት የእንጨት ርብራብ ላይ እንዲወጡ አልመክርም። በ2012ቱ ጥምቀት ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እኔ መሬት ላይ ቆሜ ነው የማየው።

ከጥምቀት ውጭ መዋኛው ውኃ አለው?

የለውም። ከቀሃ ወንዝ የሚሞላው ለበዓሉ ነው። ባዶም ሆኖ ይታያል፤ የዛፎቹ ሥር አጥሩን እንደ ጣት ጨምቆ ይዞታል። ከአጥሩ ውጭ ጉልላት ያላት ትንሽ ቤት አለች። የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይባላል።

ከሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል?

ቁስቋም። ሳላመነታ።

አፄ በካፋ ሲሞቱ ሚስታቸው ምንትዋብ ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን አንግሠው አገር ማስተዳደር ያዙ። ከግቢው ወጥተው ኮረብታው ላይ የራሳቸውን ቤተ መንግሥትና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ። ስሙ ቅድስት ቤተሰብ በስደት ካረፉበት ከግብፁ ቁስቋም የመጣ ነው። ከልጃቸው በኋላ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። ያኔ ግን ሥልጣን ከእጃቸው እየወጣ ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ መጡ፤ ኢዮአስም ተገደለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲመጣ እቴጌዪቱን ያገኛቸው እዚሁ ኮረብታ ላይ፣ ሐዘን ላይ ነው። እዚያው ግቢያቸው ውስጥ አሳርፈውታል።

አሁን የሚታየው ፍርስራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ቀይ ድንጋይ ተጠርቦ የተሠሩ መስቀሎች አሉ። የሦስቱም፣ የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ አጽም ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። አንዳንድ እንግዳ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አርባ ዓመት ገደማ አገር ያንቀጠቀጠች ሴት አንዲት ሣጥን ውስጥ ከልጇ ጋር ተቀምጣለች።

የሚያስጎበኝ ሰው ሁሌ አይገኝም። ካህኑን በትሕትና ጠይቁ። ኅዳር 6 ደግሞ ንግሥ ነው፤ ከተማው ሁሉ ይወጣል።

ወለቃ መሄድ ይጠቅማል?

በደባርቅ መንገድ ቅርብ ነው፤ ጎራ በል። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የቀሩት አሮጌው የጸሎት ቤትና የሸክላ ሥራው ናቸው። መንገድ ዳር «የፈላሻ መንደር» የሚል ጽሑፍ ታያለህ። ባለቤቶቹ ይህን ስም አይወዱትም፤ አንተ ቤተ እስራኤል በል። ሸክላ ከገዛህ በሸሚዝ ጠቅልለው። ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል።

ፒያሳስ?

ማኪያቶ ጠጥተህ ቀና በል። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ክብ በረንዳዎቹ በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ የተሠሩ ናቸው። ሕንፃውን መውደድና ያሠራውን መጥላት ይቻላል። ራስ ግንብም ቅርብ ነው፤ ሙዚየም ሆኗል።

ሰሜን ተራሮችን በአንድ ቀን ደርሼ መመለስ እችላለሁ?

የተራሮቹ መግቢያ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከተነሳህ ጭላዳ አይተህ ማታ ትመለሳለህ። ግን ዋሊያ ካልታየኝ ብለህ እንዳትጣላ። መጀመሪያ ስለ መንገዱ ሰላም የዚያኑ ሰሞን ሰው ጠይቅ። ጊዜ ካለህ እዚያው እደር።

ፀሐይ ስትጠልቅ የት ልሁን?

ጎሃ ተራራ ላይ። ግንቡ፣ ፒያሳው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ከእግርህ ሥር ነው። አንድ ቀዝቃዛ ዳሸን ቢራ ያዝ፤ ፋብሪካው እዚሁ ነው።

የመጨረሻ፦ ምን ጫማ ላድርግ?

ቶሎ የሚወልቅ። በቀን ሦስት ቤተ ክርስቲያን ትገቢያለሽ፣ ሦስቴ ታወልቂያለሽ። አንድ ጊዜ እስከ ጉልበቱ የሚታሰር ቦት ጫማ ያደረገ እንግዳ ይዤ ሥላሴ ሄድኩ። ፈትቶ እስኪጨርስ ካህኑ በር ሊዘጉ ደረሱ። ካልሲሽንም እዪው። ቀዳዳ ካለው ጣሪያው ላይ ያሉት ከመቶ በላይ ናቸው፤ ሁሉም ወደ ታች ነው የሚያዩት።