በኪቶ ለአንድ ቀን ብቻ

በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ አንድ ቀን ብቻ ስላለዎት አስጎብኚ መያዝ ያዋጣ እንደሆነና የምድር ወገብ ሐውልትም በዚያው ቀን ይደረስበት እንደሆነ ጠይቀዋል። ጠዋቱን ለአሮጌው ከተማ ከሰጡ ሁለቱም ይሆናሉ።

አስጎብኚ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በላ ኮምፓኚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ1605 የጀመሩት ይህ ሕንፃ ለመጠናቀቅ 160 ዓመታት ያህል የፈጀ ሲሆን፣ ውስጡ ከዓምዶቹ እስከ ጣሪያው በስስ የወርቅ ልባጥ የተሸፈነ በመሆኑ፣ የሚያስረዳዎት ሰው ከሌለ ዓይንዎ በብልጭታው ተይዞ በቅርጾቹ መካከል የተቀላቀለውን የሙስሊም ስፔን ጥበብ ሳያስተውሉ ሊወጡ ይችላሉ። በመግቢያው አጠገብ የተሰቀለውን፣ ኃጢአተኞች እንደየጥፋታቸው ሲቀጡ የሚያሳየውን የሲኦል ሥዕል ቆም ብለው ይመልከቱት። ከዚያ የሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ባዚሊካው ከተባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ደግሞ ቀና ይበሉ፤ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉት የድንጋይ ፍጥረታት እንደ አውሮፓ ካቴድራሎች ጭራቆች ሳይሆኑ ኢጓና የተባለውን ትልቅ እንሽላሊትና ዔሊን የመሳሰሉ የአገሩ እንስሳት ናቸው፤ እኔ በበኩሌ ከወርቁ ይልቅ እነርሱን ወድጃለሁ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ወደ ፓኔሲዮ ኮረብታ በእግር ከመውጣት ታክሲ ይያዙ።

የምድር ወገብ ሐውልቱ ከከተማዋ በስተሰሜን 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፎቶግራፍ የሚነሡበት ቢጫ መስመር ግን፣ በዘመናዊ ልኬት መሠረት፣ ከእውነተኛው የምድር ወገብ 240 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ያፈነገጠ ነው። ጊዜ ካጠረዎት የሚቀረው ሐውልቱ ይሁን።