የጎማ እጀታውን አትናቁ

ሱሉልታ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር ያሉ ወጣቶች ቢላዋዎቼን ሊያዩ ሲመጡ ዓይናቸው ቶሎ የሚያርፈው የቀንድና የእንጨት እጀታ ባላቸው ላይ ነው። እውነትም ያምራሉ። ጥቁር የጎማ እጀታ ያላቸውን ግን ገልመጥ አድርገው ያልፏቸዋል። ልጆቼ፣ መሰብሰብ ካማራችሁ ጀማሪ መግባት ያለበት በዚህ በተናቀው በኩል ይመስለኛል።

ዕድሜዬን የሠራሁት በአርሲና በባሌ ደጋ፣ አደን ካምፕ ውስጥ፣ ቆዳ ገፋፊ ሆኜ ነው። የደጋ አጋዘን የሚገኝበት አገር ብርዱ፣ ጉሙና ካፊያው አይጣል ነው። እጅ በደምና በሞራ ሲለወስ የተወለወለ ቀንድ ያሟልጫል። ቆዳ ተደራርቦ የተሠራ እጀታም ደሙን ይመጥና ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ከሁሉ የሚከብደው የአጋዘኑ የፊት ቆዳ ነው። ዓይኑ ዙሪያ፣ ከንፈሩና ጆሮው ሥር በጣም ስስ ነው። ቢላዋውን ጨምድዳችሁ ከያዛችሁ እጃችሁ ይዝላል፣ ጫፉ ይስታል፣ ቆዳው ይበሳል። ጎማ ላላ አድርጋችሁ ብትይዙትም አያመልጣችሁም። የእጀታው ጥቅም እዚያ ነው የገባኝ።

ጎማ እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ሄዷል። ድሮ በሙቀት ይላቆጥ፣ በብርድ ይደርቅ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ከድኝ ጋር ሲያሞቀው ጠነከረ። በ1960ዎቹ ደግሞ የሼል ኩባንያ ክራቶን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ አመጣ። ይህ እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ ቅርጽ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ስለዚህ በቀጥታ ብረቱ ላይ ማፍሰስ ተቻለ። በ1980 የተመሠረተው ኮልድ ስቲል የተባለው የአሜሪካ ቢላዋ ኩባንያ ማስተር ሀንተር የሚባለውን የአደን ቢላዋ በክራቶን እጀታ ሠራው። የስዊድኑ ፋልክኒቨን ኩባንያ የሚሠራው ኤፍ 1 ደግሞ በ1995 የአየር ኃይላቸው አብራሪዎች ቢላዋ ሆነ። ኤፍ 1ን ስታገላብጡት ብረቱ በእጀታው ውስጥ አልፎ ከኋላ ብቅ ብሎ ታዩታላችሁ። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜ ጎማው ብረቱን ሸፍኖ ስለሚደብቀው ውስጥ የገባው ብረት ረጅም ይሁን አጭር ማወቅ ያስቸግራልና።

ሰብሳቢዎች ለምን ናቁት? የአንጥረኛ እጅ አይታይበትም፣ ከቅርጽ ማውጫ ነው የሚወጣው ብለው። ባለቤቱም እንደ ዕቃ ይገለገልበታል፣ ሲያረጅ ይጥለዋል። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ጥቂት ነው። የድሮዎቹ ማስተር ሀንተሮች ካርቦን ቪ በሚባል ብረት የተሠሩ ናቸው። በዚህ ብረት ቢላዋዎቹን ይሠራ የነበረው ካሚለስ ፋብሪካ በ2007 ተዘጋ። ዛሬ ካርቦን ቪ የሚል ጽሑፍ ያለበትን የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ስለቱን ብቻ አትዩ፣ ብረቱ ላይ የተመታውን ማኅተም አንብቡ። በክ የሚባለው የቢላዋ ፋብሪካ ከ1986 ጀምሮ የተሠራበትን ዓመት በምልክት ያትማል። ኬዝ የሚባለው ፋብሪካም ከ1970 ጀምሮ በነጥብ እንዲሁ አድርጓል።

ከዚያ እጀታውን ዳብሱት። እጅ ላይ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ከሆነ መፈራረስ ጀምሯል፣ ርካሽ ነው ብላችሁ እንኳ አትግዙት። ተፈጥሯዊ ጎማ ከሆነ ደግሞ አጠፍ ስታደርጉት ጥቃቅን ስንጥቅ ይወጣል። ፀሐይና አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ ናቸው የሚያደርጉት። ኦዞን ከኤሌክትሪክ ሞተር ብልጭታም ስለሚወጣ ቢላዋዎቻችሁን ወፍጮ ቤት ወይም ጄኔሬተር ያለበት ክፍል አታስቀምጡ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥም የቀን ሙቀቱ ክፉ ነው።

ጎማውን በቤንዚን ወይም በናፍታ የሚያጸዳ ሰው አይቼ በጣም አዝኛለሁ። ያብጣል፣ ይላላል። ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል። ዘይት የሚቀባው ብረቱ ብቻ ነው፣ እሱንም በስሱ። በሱሉልታ ክረምት ደግሞ ቢላዋውን ቆዳ አፎት ውስጥ ከታችሁ አትርሱ። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ በፋብሪካ የገባበት ኬሚካልም ብረቱን ይበላል። አፎቱን ለብቻ፣ ቢላዋውን ለብቻ አስቀምጡ።

ደብተርም ያስፈልጋችኋል። ከማን አገኛችሁት፣ ለምን ሥራ ዋለ፣ ማን ሳለው? ከእኔ ቢላዋዎች አንዳንዶቹን የሰጡኝ ከካምፑ ሲመለሱ የነበሩ አዳኞች ናቸው። የትኛው ከየትኛው ጫካ እንደወጣ የጻፍኩትን የሚያነቡ ልጆች ከቢላዋው ይልቅ ደብተሩን ይዘው ይቆያሉ። ይህ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን፦ ቢላዋ ይዛችሁ ታክሲ አትግቡ፣ ለጓደኛ ለማሳየትም ቢሆን። ማየት የፈለገ ቤት ይምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔም ቤት አለሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።