መደርደሪያው ለምን ይንገጫገጫል? ስለ ፒን ቀዳዳና ስለ ጂግ ጥያቄና መልስ

በቁም ሣጥንና በመጽሐፍ መደርደሪያ ሥራ ውስጥ ቀላል የሚመስል፣ ግን ብዙ ጥሩ ሥራ የሚያበላሽ ነገር አለ። ከፍና ዝቅ ለሚደረግ መደርደሪያ የሚበሳው የፒን ቀዳዳ ነው። በዚህ ጉዳይ ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚቸገርባቸውን መርጬ እመልሳለሁ። ጂግ ስል ቀዳዳ የተደረደረበትን፣ ፑንታውን (ትራፓኖው፣ ማለትም መብሻ ማሽኑ፣ የሚያሽከረክረውን መብሻ ብረት) ቀጥ አድርጎ የሚመራውን ሰሌዳ ማለቴ ነው። ፒን ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ መደርደሪያውን የሚሸከመው ትንሽ ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሜትርና በእርሳስ እየለካሁ ብበሳ ምን ችግር አለው? ጂግ የግድ ነው?

አብሮ ይስጥልን። የግድ አይደለም። ግን ሂሳቡን አብረን እንይ። አንድ መደርደሪያ 4 ፒን ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ 4 ረድፍ ቀዳዳ አለህ። በየረድፉ 10 ብትበሳ 40 ቀዳዳ ሆነ። 40 ጊዜ ትለካለህ፣ 40 ጊዜ ምልክት ታደርጋለህ። እርሳሱ ግማሽ ሚሊ ይስታል። ፑንታው እንጨቱን ሲነካ ሌላ ግማሽ ሚሊ ይንሸራተታል። ከ4ቱ ፒኖች አንዱ በ1 ሚሊ ከወረደ መደርደሪያው አይረግጠውም፤ ነካ ባደረግከው ቁጥር ይንገጫገጫል።

ጂግ ርቀቱን አንዴ ያስወጣሃል፤ ከዚያ በኋላ እሱን መድገም ነው ሥራው። ይህን ልብ በል፦ ጂግ የሚደግም ዕቃ ነው። ከተሳሳተ ጠርዝ ከተነሳህ ስህተቱንም አጥርቶ ይደግምልሃል።

ከሐዋሳ፦ ጂጉን ገዝቼ በሱ ነው የበሳሁት። ካቢኔቱን ስገጥመው ግን መደርደሪያዎቹ በሙሉ ይንገጫገጫሉ። ጂጉ የተበላሸ ይሆን?

ጂጉ ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ። ችግሩ የተነሳህበት ጠርዝ ይመስለኛል። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ከሁሉም በላይ የምደክምለት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ሁለቱን የጎን ጣውላዎች እንደተከፈተ መጽሐፍ ጎን ለጎን አስተኛቸው። ፊተኛ ጠርዞቻቸው መሀል ላይ ይነካኩ፤ የውስጥ ገጻቸው ወደ ላይ ይሁን። አሁን በሁለቱም ላይ በእርሳስ «ታች» እና «ፊት» ብለህ ጻፍ። ጂጉም ላይ አንዱን ጫፍ «ታች» በለው። ከዚያ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ 4ቱም ረድፍ ከታች ይጀምራል። የጂጉ «ታች» ሁልጊዜ የጣውላው «ታች» ላይ ይሆናል።

ሰው የሚሳሳተው ከግራው ጣውላ ወደ ቀኙ ሲሻገር ነው። ጂጉ አልመጣለት ሲል ዞር ያደርገውና ከላይ ጠርዝ ይነሳል። ሁለቱ ጣውላዎች ቁመታቸው አንድ ከሆነ፣ ጂጉም ከሁለቱም ጫፍ እኩል ከሆነ አይታወቅም። ግን አንዱ 1800፣ ሌላው 1802 ሚሊ ሆኖ ከተቆረጠ ያቺ የ2 ሚሊ ልዩነት በቀጥታ ቀዳዳዎቹ ላይ ታርፋለች። መፍትሔው ጂጉን ማዞር ሳይሆን መገልበጥ ነው፤ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ «ታች» ያልነው ጫፍ ግን ከታች ይቀራል። አንዳንድ ጂግ በአንድ ገጹ ብቻ ነው የሚሠራው። እንዲህ ከሆነ የጠርዙን ማስደገፊያ ወደ ሌላው ጎን አዛውረው።

ሌላም አለ። ጂጉ አጭር ከሆነ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ማያዣ ፒን ከትተህ ወደ ላይ ታሻግረዋለህ። ያ ፒን ላላ ካለ በየሽግግሩ ስህተት ይጨመራል። ጥብቅ ብሎ የሚገባ 5 ሚሊ ዘንግ ተጠቀም፤ የሌላ 5 ሚሊ ፑንታ ለስላሳው ጭራ ጥሩ ይሠራል። ሌላው የመጋዝ ዱቄት ነው። በጂጉና በጠርዙ መሀል ትንሽ ዱቄት ከገባ ረድፉ በሙሉ ይሸሻል። ጂጉን ባነሳህ ቁጥር በብሩሽ ጥረግ። ከዚያ በክላምፕ እሰረው፤ በእጅ ይዞ መብሳት አይበቃም።

የሐዋሳው ጠያቂ ደግሞ፦ እሺ፣ የተበሳውስ እንዴት ይስተካከል?

ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ከሆነ ተወው፤ ዕቃ ሲቀመጥበት መደርደሪያው ራሱ ይረግጣል። 1 ሚሊ ገደማ ከሆነ በወረደው ፒን ላይ ቀጭን ቆዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ ለጥፍበት። ከዚያ ከበለጠና ጣውላው እውነተኛ እንጨት ከሆነ ቀዳዳውን ወደ 8 ሚሊ አስፋው፣ ከተመሳሳይ እንጨት ውታፍ በኮላ ክተትበት፣ ሲደርቅ ከገጹ እኩል ቁረጠውና እንደገና ብሳ። ሜላሚን የለበሰ ቺፑድ፣ ማለትም ለስላሳና ጠንካራ ሽፋን ያለው ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ ሰሌዳ ከሆነ ውታፉ ያስጠላል። እዚያ ላይ የምመርጠው ጂጉን በ16 ሚሊ (በሁለት ቀዳዳዎች መሀል ያለው የተለመደው 32 ሚሊ ግማሽ) ከፍ አድርጎ በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች መሀል 4ቱንም ረድፍ አዲስ መብሳት ነው። አሮጌዎቹን በፕላስቲክ ክዳን ትዘጋለህ።

ከአዲስ አበባ፦ ሁሉም ሰው 32፣ 37፣ 5 ይላል። ቁጥሮቹ ከየት መጡ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የካቢኔት ሥራ ወደ ፋብሪካ ሲገባ የመጣ ሥርዓት ነው። 32 ሚሊ በሁለት ቀዳዳዎች መሀል ያለው ርቀት ነው፤ ከመሀል እስከ መሀል። ብዙ ፑንታ በአንድ ጊዜ የሚያሽከረክሩት ማሽኖች ጥርሳቸው ከዚያ በላይ መቀራረብ ስላልተመቸው ነው ይህ ልክ የጸናው። 37 ሚሊ ከፊተኛው ጠርዝ እስከ ረድፉ መሀል ነው። 5 ሚሊ የቀዳዳው ስፋት ነው።

ለመደርደሪያ ብቻ ከሆነ 32 ግዴታ አይደለም፤ 25 ወይም 40 ብታደርገውም ይሠራል። በር ካለው ግን 32ን አትልቀቅ። የዘመኑ የተደበቀ ማጠፊያ ካቢኔቱ ላይ የሚታሰርበት ሳህን ቀዳዳዎቹ በ32 ሚሊ ይራራቃሉ፤ ቦታውም ከፊት 37 ሚሊ ነው። ስለዚህ ያው የመደርደሪያው ረድፍ ለማጠፊያውም ይሆናል።

ከቨርጂኒያ፦ ወንድሜ፣ እዚህ የገዛሁት ጂግ ሩብ ኢንች ይላል። ፒኖቹ ደግሞ ልቅ ብለው ይወድቃሉ።

ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ነው። ፒኖችህ 5 ሚሊ ሳይሆኑ አይቀሩም። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም ልክ ጎን ለጎን ስለሚሸጥ መቀላቀሉ የተለመደ ነው። ቀዳዳው ከተበሳ ሩብ ኢንች ፒን ግዛ፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ገና ካልበሳህ ግን 5 ሚሊውን እመክርሃለሁ፤ ቀዳዳው ሲታይ ያንሳል፣ ለቤት ዕቃም ጥንካሬው ይበቃል።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ነጭ ሜላሚን የለበሰ ቺፑድ ስበሳ የቀዳዳው አፍ ይሸራረፋል። ቀለሙ ነጭ ስለሆነ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እህቴ፣ መጀመሪያ ፑንታሽን እይው። የብረት ፑንታ ከሆነ አፉ ሾጣጣ ነው፤ ሜላሚኑን ከመቁረጡ በፊት ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። መሀሉ ላይ እሾህ፣ ዳርና ዳር ደግሞ ትንንሽ ቢላ ያለውን የእንጨት ፑንታ ግዢ። እሾሁ ቦታ ይይዛል፣ ቢላዎቹ መጀመሪያ ዙሪያውን ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ነው መሀሉ የሚወጣው። ቺፑድ ፑንታ ቶሎ ያደነዝዛል፤ ውስጡ ያለው ሙጫ ጠንካራ ነው። ስለዚህ መሸራረፍ ሲጀምር ፑንታ የመቀየሪያው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

አበሳሱም ለውጥ ያመጣል። ፑንታውን ጂጉ ውስጥ ክተቺ፣ ጫፉ ቺፑዱን ሳይነካ ትራፓኖውን አስነሺ፣ ሙሉ ፍጥነት ሲይዝ ቀስ ብለሽ ግፊ። ስታወጪም እየተሽከረከረ ይውጣ። ጂጉ በደንብ ከታሰረ የቀዳዳውን ዙሪያ ራሱ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ከመሸራረፍ ግማሹን የሚያድንሽ እሱ ነው።

ቀዳዳው ውስጡ ከፈረሰና ፒኑ ከላላ ደግሞ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጊበት። ቺፑዱ ይመጠዋል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፒኑን እንዳትከቺ፤ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል።

ከድሬዳዋ፦ ጥልቀቱ ስንት ይሁን? አንዱ በወዲያ በኩል ወጣብኝ።

ለ18 ሚሊ ሰሌዳ 12 ሚሊ፣ ለ16 ሚሊ ሰሌዳ 10 ሚሊ ይበቃል። ግን ከመብሳትህ በፊት የፒንህን እግር፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክፍል፣ ለካ።

የወጣብህ የጂጉን ውፍረት ስላላሰብክ ወይም ማቆሚያው (ጥልቀቱን ለመገደብ ፑንታው ላይ የሚታሰረው ቀለበት) ስለተንሸራተተ ይሆናል። ጂጉ 12 ሚሊ ውፍረት ካለውና 12 ሚሊ ጥልቀት ከፈለግክ፣ ማቆሚያው ከፑንታው ጫፍ 24 ሚሊ ላይ ነው የሚታሰረው። የማቆሚያው ብሎን ደግሞ በትራፓኖው ንዝረት ይላላል። ከጎኑ ፑንታው ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፤ ማቆሚያው ከምልክቱ ከራቀ ወዲያው ታየዋለህ። መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ሞክር።

ከመቀሌ፦ ጂግ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ራሴ ልሥራው?

ሥራው እንጂ! እኔ ራሴ በእጅ የተሠራ ጂግ እወዳለሁ። ከ60 እስከ 80 ሴንቲ የሚሆን ቀጥ ያለ ጠንካራ እንጨት ወይም 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ያዝ። ወይራ ካገኘህ የተሻለ የለም፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቀዳዳው ቶሎ አይሰፋም።

ከረጅሙ ጠርዝ 37 ሚሊ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በቢላ ጫር። ቀዳዳዎቹን ስትለካ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየዘለልክ አትለካ። ሜትሩን አንዴ ዘርግተህ ሁሉንም ከአንድ ጫፍ አውጣቸው፦ 32፣ 64፣ 96፣ 128 እያልክ። እየዘለልክ ከለካህ የእያንዳንዱ ትንሽ ስህተት እየተደመረ ይሄዳል። ምልክቱን በሹል ብረት ውጋው፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ በሚቆም መብሻ ማሽን ብሳው። ማሽኑ ከሌለህ ሠፈርህ ካለ ወርክሾፕ ሄደህ አስበሳ። ይህን ሥራ በእጅ ትራፓኖ አልመክርህም፤ አንዴ የጋደለ ቀዳዳ ካቢኔቱን በሙሉ እያጋደለ ይሄዳል።

በመጨረሻ በረጅሙ ጠርዝና በታችኛው ጫፍ ላይ ቀጭን እንጨት በኮላና በቪቴ ምታ። ጣውላውን የሚደገፉት እነሱ ናቸው። ከሁለቱም ገጽ ትንሽ ወጣ ቢሉ ጂጉን ገልብጠህ ለቀኙም ለግራውም ትጠቀምበታለህ።

ብዙ የምትሠራ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ ውስጡ 5 ሚሊ የሆነ የብረት ቱቦ ቆርጠህ አስገባ። ያለ ብረት፣ በተለይ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ) የተሠራ ጂግ፣ እየዋለ ሲያድር ይሰፋል።

ደስ የሚለው ነገር፣ በቀዳዳዎቹ መሀል ያለው ርቀት ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ መደርደሪያህ አይንገጫገጭም። 4ቱንም ረድፍ የበሳው ያው አንድ ጂግ ነውና መዛነፉም በ4ቱም ላይ እኩል ነው። አንዱን ረድፍ በአንድ ጂግ፣ ሌላውን በሌላ ጂግ ግን በፍጹም እንዳትበሳ።

ከጎንደር፦ ጡረተኛ ነኝ። የመጻሕፍት መደርደሪያ አሠርቼ ፒኖቹ ደህና ናቸው፤ ጣውላው ግን መሀሉ ጎበጠ። ርዝመቱ 90 ሴንቲ ነው፣ ባለ 18 ሚሊ ቺፑድ።

አባቴ፣ እንደምን አሉ? ይህ የፒን ሳይሆን የርዝመት ጉዳይ ነው። መጽሐፍ ከባድ ነው፤ ለ18 ሚሊ ቺፑድ 60 ሴንቲ ይበቃዋል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡ 16 እጥፍ ይሆናል። በሌላ በኩል ከ90 ወደ 60 ቢያሳጥሩት መጉበጡ ወደ አምስተኛ እጅ ይወርዳል።

የተሠራውን ለማዳን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ በእያንዳንዱ መደርደሪያ ፊተኛ ጠርዝ ስር 4 ሴንቲ ቁመት ያለው ጠንካራ እንጨት በኮላና በቪቴ ማስመታት ነው። ሁለተኛው መሀል ላይ አካፋይ ማስቆም ነው። አናጺው አካፋዩን ከሁለቱም ገጽ ሲበሳ ይጠንቀቅ፦ በ18 ሚሊ ውስጥ 12 እና 12 አይገባም፤ ቀዳዳዎቹ መሀል ላይ ይገናኛሉ። የፒኑ እግር 8 ሚሊ ከሆነ አንድ ጊዜ በወጥ ቢበሳው ይሻላል፤ ከሁለቱም በኩል ፒን ይገባበታል። እግሩ ከዚያ ከረዘመ የአንዱን ገጽ ረድፍ በ16 ሚሊ ከፍ ያድርገው። የጎበጡትን ጣውላዎች ደግሞ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ይጠቀሙባቸው።

ከአዲስ አበባ፦ ከታች እስከ ላይ ልበሳው ወይስ የተወሰነ?

የተወሰነ። መደርደሪያው ይሆናል ብለህ ካሰብክበት ቦታ ከላይ 2፣ ከታች 2 ቀዳዳ ይበቃል። ከላይ እስከ ታች የተበሳ ካቢኔት የፋብሪካ መልክ ይይዛል፤ በዋንዛ የተሠራ ቆንጆ ዕቃ ላይ ሳየው ያሳዝነኛል። መደርደሪያውን ራሱን ከውስጥ ስፋቱ በ2 ወይም በ3 ሚሊ አሳጥረህ ቁረጠው፤ አለበለዚያ ሲወጣና ሲገባ ጎኑን ይፍቃል።

ከጅማ፦ ካቢኔቱ ተገጥሞ አልቋል፤ ጀርባውም ተመትቷል። አሁን መብሳት ይቻላል?

ይቻላል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ስለምትሠራ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ማስደገፊያ የሌለው ጠባብ ጂግ ያስፈልግሃል። የፊቱን ረድፍ ስትበሳ ከፊተኛው ጠርዝ ጋር አስተካክለህ እሰረው፤ የኋላውን ስትበሳ ከጀርባው ጋር አስጠግተህ። እግሩን ግን 4ቱንም ጊዜ የካቢኔቱ ወለል ላይ አቁመው። ወለሉ ላይ የደረቀ ኮላ ካለ አስቀድመህ በመሮ ፋቀው፤ ጂጉ እዚያ ላይ ከቆመ ረድፉ ከፍ ይላል። ትራፓኖው ካልገባልህ ፑንታውን የሚያጥፍ አንገት ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ከመብሳትህ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጠህ እይ። ካቢኔቱ ራሱ ካዘነበለ መጀመሪያ እግሩን አስተካክል፣ ከዚያ ብሳ።