ቴምር፣ ኮኮናትና አሬካ ይዞ ወደ ቀበና

ጥያቄ፦ በሥራ ዝውውር ጥቅምት ላይ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ፣ ቀበና ልገባ ነው። በባልዲ ያሳደግኋቸው ቴምር፣ ኮኮናትና አሬካ ፓልም አሉኝ። ግቢው ተዳፋት ሲሆን ከወንዙ ብዙም አይርቅም። የትኛው ይተርፋል? የትስ ልትከለው?

መልስ፦ ኮኮናቱን እዚያው ለጎረቤት ይስጡት። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ስለሚፈልግ እዚህ አይዘልቅም። አሬካው ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ቤት ውስጥ ይቆይ። ደጅ የሚችለው ቴምሩ ነው፤ ሥር ከሰደደ ቀላል ውርጭ እንኳ አይገድለውም። ፍሬ ግን አይጠብቁ፤ ለመብሰል ረጅም ደረቅ ሙቀት ይፈልጋል።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ መሀል አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ይህን መለወጥ አይቻልም፤ የሚመረጠው ግቢው ውስጥ ያለው ቦታ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከታች በኩል ድፍን አጥር ካለ ግን እዚያው ይታቆራል። ስለዚህ ታችኛውን ጥግ ይተዉት።

በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በደቡብ በኩል ያለ አጥር ወይም ፎቅ የቁመቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ጥላ ይጥላል፤ 3 ሜትር አጥር 2 ሜትር ገደማ ማለት ነው። የተሻለው ቦታ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ፊት ነው፤ ቀን የሞቀው ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳል። ቆርቆሮ ይህን አያደርግም። ከግድግዳው 2 ሜትር ይራቁ፤ የጣሪያ ውሃ የሚያርፍበትም አይሁን። ከተጠራጠሩ ዝቅተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር እየቀያየሩ ሰቅለው ጧት 12 ሰዓት ላይ ያንብቡ።

ጥቅምት ላይ እንደደረሱ አይትከሉት። ብርዱ በባልዲው ይለፍ፤ መጋቢት ላይ ሲተከል ሥሩ ክረምት ሳይገባ ይይዛል። የደጋው ፀሐይ ቅጠል ስለሚያቃጥል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የጧት ፀሐይ ብቻ ያግኝ።

ቴምርን እዚህ በብዛት የሚገድለው ቀዝቅዞ ውሃ የያዘ አፈር ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፤ ሲሰርግ ደግመው ይሙሉ። ሁለተኛው ውሃ በሰዓት ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከቀነሰ፣ በዋልካ አፈር እንደሚያጋጥመው፣ ጉድጓዱን ደፍነው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁልል ላይ ይትከሉ፦ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ። ከሥር ጠጠር መደልደል ውሃውን ከሥሩ አጠገብ ያቆመዋል እንጂ አያንጣፍፍም። ግንዱም ከነበረበት በላይ አይቀበር።

በክረምት የመሀሉን ለጋ ቅጠል በየሳምንቱ ቀስ ብለው ይሳቡ። ተነቅሎ ከወጣና የታችኛው ጫፉ ከሸተተ እምቡጡ (አዲስ ቅጠል የሚወጣበት የመሀል ጫፍ) በስብሷል፤ የተቋጠረውን ውሃ አፍስሰው መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ያድርጉበት፣ ከዝናብም ይከልሉት። የቴምር ግንድ የሚያድገው ከአንድ እምቡጥ ብቻ ነው። ለሆሳዕና ቅጠል የሚጠይቅዎ ሰው ካለም ከዳር ያለውን ይቁረጡለት፣ የመሀሉን አያስነኩ።