መልስ፦ ዝምተኛ ስለሆንኩ ሌላው ነጥቤ ሁሉ ለምን ዝቅ አለ?

ወንድሜ፣ «ዝም ስለምል አለቃዬ በሥራ ግምገማዬ ላይ በተነሳሽነትም በቡድን ሥራም 2 ሞላልኝ፣ ጠምዶኝ ይሆን?» ላልከው፣ የግድ ጠምዶህ ላይሆን ይችላል። ሰው አብረው ይሄዳሉ ብሎ የሚያስባቸውን ጠባዮች ሳያይ ነው የሚሞላው። ዝምተኛ ነው? በቃ ተነሳሽነት የለውም።

ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1946 ባሳተመው ጥናት የአንድን ሰው ጠባዮች ዝርዝር ለሁለት ቡድን አነበበ፤ ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ለአንዱ ቡድን «ሞቅ ያለ» ለሌላው «ቀዝቃዛ» የሚል ቃል ብቻ ነው የተቀየረው። «ሞቅ ያለ» የሰሙት አብዛኞቹ ሰውየውን ለጋስ ነው አሉ። ስለ ልግስናው ግን አንድም ነገር አልተነገራቸውም!

እኔም ይሄን ስህተት ሠርቼዋለሁ። ጠረጴዛዋ ሁሌ ጽድት ያለ ባልደረባዬን «ሰዓት አክባሪ» በሚለው ላይ 5 ሰጠኋት። በኋላ የመግቢያ ፊርማውን ሳገላብጥ በሳምንት ሦስት ቀን ታረፍዳለች። በጣም ነው ያፈርኩት፣ ምክንያቱም ሰዓቷን የጠበቀው ሌላው ልጅ ጠረጴዛው ስለተዝረከረከ 3 ነበር የሰጠሁት።

ቁጥሩ ላይ አትከራከር። «ይሄን 2 የሰጡኝ የትኛውን ሥራዬን አይተው ነው?» ብለህ በእርጋታ ጠይቀው። አንተም ሰው ስትገመግም አንዱን መስፈርት ለሁሉም ሰው ሞልተህ ከጨረስክ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው ማለፍ ያለብህ፣ አንድ ሰው ይዘህ ከላይ እስከ ታች አትውረድ።