«ፈርሚ» ተብላ የፈረመች እናት ፈቅዳለች ይባላልን?

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሥነ ተዋልዶ መብት ጉዳይ ደጋግመን እንከራከራለን። አንዱ ባልደረባዬ ነገሩ የድሆችን ቁጥር ለመቀነስ የታቀደ ነው ሲል፣ ሌላዋ ደግሞ ጽንስ ማቋረጥን ለማስፈቀድ የወጣ ስም ነው ትላለች። ሁለቱንም መቀበል ቢከብደኝም የምመልሰው አጥቼ ዝም ብያለሁ። መብቱ በትክክል ምንድን ነው? የገዛ መንግሥቱ መብቱን የነፈገው ሰውስ ወዴት አቤት ይላል? በተጨማሪም ያገባች ሴት የእርግዝና መከላከያ ለመውሰድ የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋታልን?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የመጀመሪያው ባልደረባዎ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት የተነሣ ስላልሆነ በቁም ነገር ልናየው ይገባል። በህንድ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 በቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ወንዶች መውለድ እንዳይችሉ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተደርጎባቸዋል፤ ለቀዶ ሕክምናው እንዲያቀርቡ የተመደበላቸውን የሰው ቁጥር ያላሟሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ደመወዛቸው ይያዝባቸው ነበር። በፔሩ ከ1996 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ተገደው ወይም ተታልለው እንደነበር ተናግረዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በገጠር የሚኖሩ፣ ኬችዋ የተባለውን የነባር ሕዝቦች ቋንቋ የሚናገሩ ድሆች ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው «የቤተሰብ ምጣኔ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢጠራጠር ሊወቀስ አይገባም።

ይሁን እንጂ ተቃራኒው በደልም ተፈጽሟል። የሩማኒያው መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሀገራቸውን ሕዝብ ቁጥር ለማሳደግ በ1966 ባወጡት ድንጋጌ ጽንስ ማቋረጥ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ተከለከለ፤ የእርግዝና መከላከያም ከገበያ ጠፋ ለማለት ይቻላል። ሴቶች በድብቅ በሚፈጸም ጽንስ ማቋረጥ ሕይወታቸውን ከማጣታቸው የተነሣ፣ በዘመኑ መጨረሻ በአውሮፓ ከፍተኛው የእናቶች ሞት የሚመዘገበው በዚያች ሀገር ነበር። ድንጋጌው በታኅሣሥ 1989 በተሻረ በአንድ ዓመት ውስጥ የእናቶች ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። አንዱ መንግሥት «አትውለዱ»፣ ሌላው «ውለዱ» ቢልም፣ ሁለቱም የነጠቁት ያንኑ አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ልውለድ ወይስ አልውለድ፣ ስንት ልውለድ፣ መቼ ልውለድ ብሎ የመወሰንን ሥልጣን።

የሥነ ተዋልዶ መብት የሚባለውም ይኸው የመወሰን ሥልጣን ነው። በ1968 በቴህራን የተካሄደው የሰብአዊ መብት ጉባኤ ወላጆች የልጆቻቸውን ቁጥርና በልጆቹ መካከል የሚኖረውን የዕድሜ ርቀት በነፃነትና በኃላፊነት የመወሰን መብት እንዳላቸው አወጀ። በሴቶች ላይ የሚደረገውን ልዩነት ለማስወገድ በ1979 የጸደቀው ስምምነትም በአንቀጽ 16 መብቱን ለሴቶች ከወንዶች እኩል ካረጋገጠ በኋላ፣ ለመወሰን የሚያስፈልገው መረጃና መንገድ እንዲቀርብላቸው አስገደደ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን 179 መንግሥታት በተሳተፉበት የ1994ቱ የካይሮ የሕዝብና የልማት ጉባኤ ነው። በዚያ የጸደቀው የድርጊት መርሐ ግብር የጤና ሠራተኞች «ይህን ያህል ሰው የወሊድ መቆጣጠሪያ አስጀምሩ» የሚል ኮታ እንዳይጣልባቸው በግልጽ ስላስቀመጠ፣ ለመጀመሪያው ባልደረባዎ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

የሁለተኛዋን ባልደረባዎን አስተያየት በተመለከተ፣ ያው የካይሮ ሰነድ ጽንስ ማቋረጥ እንደ ቤተሰብ ምጣኔ ዘዴ እንዳይስፋፋ ይጠይቃል፤ የሕጉን ጉዳይ ለየሀገሩ ትቶ፣ ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ አደጋ የሌለው እንዲሆን፣ ከጽንስ መቋረጥ በኋላ ለሚመጣ ሕመም ደግሞ በየትኛውም ሀገር ሕክምና እንዲሰጥ ይላል። ሀገሮች ዛሬም በየፊናቸው እየሄዱ ነው፤ አርጀንቲና በታኅሣሥ 2020 እስከ 14ኛው ሳምንት ስትፈቅድ፣ የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ለጽንስ ማቋረጥ መብት የቆየውን ጥበቃ ሽሯል። ክርክሩ ከባድ መሆኑን አልክድም። ሆኖም መብቱን በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ መለካት፣ መውለድ ያቃታቸው ጥንዶች የሚሹትን ሕክምና፣ ከግርዛትና ከልጅነት ጋብቻ ሊጠበቁ የሚገባቸውን ልጃገረዶች፣ እንዲሁም በወሊድ ምክንያት የሚሞቱትን እናቶች መርሳት ይሆናል። በ2023 ብቻ 260 ሺህ ያህል ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ አብዛኞቹ ሊድኑ ይችሉ ነበር።

ወዴት አቤት ይባላል ላሉት፣ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሀገር ውስጥ ፍርድ ቤት ነው። በናሚቢያ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሦስት ሴቶች፣ ለመውለድ ሆስፒታል በገቡበት ጊዜ ሳይፈቅዱ መካን ተደርገናል ብለው መንግሥትን ከሰሱ። መንግሥት የተፈረሙ ቅጾችን በማስረጃነት አቀረበ። በ2014 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ምጥ የያዛት ሴት፣ ትርጉሙና ውጤቱ በቅጡ ሳይብራራላት ያኖረችው ፊርማ ፈቃድ ሊባል እንደማይችል ወሰነ። ሴቶቹ ይህ የደረሰብን በኤችአይቪ ምክንያት ነው ያሉትን ፍርድ ቤቱ በቂ ማስረጃ አልቀረበበትም ብሎ አልተቀበለውም፤ ድሉ ሙሉ አልነበረም። እኔ ግን ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ፣ በሕመም ላይ ሆና «ፈርሚ» የተባለችና የፈረመችውን ሳታውቅ ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት በየሀገሩ ምን ያህል ትሆን የሚለው ነው።

የሀገር ውስጥ መንገድ ሲዘጋ ወይም ከልክ በላይ ሲጓተት፣ መንግሥቱ የተቀበለው ስምምነት የሚፈቅድ ከሆነ አቤቱታውን ወደ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መውሰድ ይቻላል። አሊኔ ዳ ሲልቫ ፒሜንተል የተባለች የ28 ዓመት ጥቁር ብራዚላዊት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ጽንሱ በማኅፀኗ ሞቶ፣ ሕክምናው ከሰዓት ወደ ሰዓት እየዘገየ፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ተዛውራ በኅዳር 2002 ሕይወቷ አለፈ። እናቷ በሀገሯ ፍርድ ቤት የተጀመረው ክስ መፍትሔ ሲያጣ፣ ጉዳዩን ከላይ የጠቀስነውን የ1979ኙን ስምምነት አፈጻጸም ለሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ አቀረበች፤ ኮሚቴውም በ2011 ብራዚል ግዴታዋን አልተወጣችም ሲል ወሰነ። እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ አካል በእናት ሞት አንድን መንግሥት ተጠያቂ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ኮሚቴው የሚያስፈጽምለት ፖሊስ የለውም፤ ያም ሆኖ ብራዚል በ2014 ለእናቲቱ ካሳ ከፍላለች። ልጇ ከሞተች 12 ዓመት ገደማ በኋላ የመጣ ካሳ መዘግየቱን መደበቅ አልፈልግም፤ ነገር ግን ውሳኔው ሌሎች ጠበቆች በእጃቸው ይዘው የሚቀርቡት መከራከሪያ ሆኗል።

ስለ ባል ፈቃድ ለጠየቁት መልሱ አጭር ነው፤ አያስፈልጋትም። ይኸው ኮሚቴ በ1999 ባወጣው 24ኛ አጠቃላይ የውሳኔ ሐሳብ፣ አንዲት ሴት ባሏ ወይም ወላጆቿ አልፈቀዱም ተብሎ የጤና አገልግሎት እንዳትከለከል መንግሥታትን ጠይቋል። ባልና ሚስት ቢመካከሩ መልካም ነው፤ ምክክሩ ግን በቤታቸው የሚያደርጉት እንጂ የጤና ባለሙያው አገልግሎቱን ከመስጠቱ በፊት በወረቀት የሚጠይቀው አይደለም።